ደሙ ቶሎ የማይረጋ ተማሪ በክፍላችን ቢኖር



ስለ ወባ፣ ስለ ትራኮማና ስለ ንጽሕና አጠባበቅ በግድግዳ ጋዜጦች ላይ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት በሽታ ግን ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ በትንኝም በዝንብም የማይመጣ፣ ከዘር የሚወረስ ነው። ስሙ ሄሞፊሊያ ይባላል፤ ባጭሩ የደም አለመርጋት ችግር ማለት ነው። የሐኪም ሥራ እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልጁ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው አልፎ አልፎ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን በሳምንት አምስት ቀን ይውላል። ወድቆ የሚነሣውም፣ ተገፍቶ የሚጋጨውም በትምህርት ቤት ግቢ ነው።

ቁጥሩ ብዙ አይደለም። ዋናው ዓይነት ከ5000 ወንድ ሕፃናት ባንዱ ላይ ገደማ ይገኛል። ስለዚህ በማስተማር ዘመናችን ሁሉ አንድም ላይገጥመን ይችላል። ከገጠመን ግን ያ ልጅ ቆሞ መሄዱና አለመሄዱ በከፊል እኛ በምናውቀው ላይ የተመሠረተ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ እናንሣ። ብዙ ሰው ይኸ ችግር ያለበት ልጅ እሾህ ቢወጋው ደሙ ፈስሶ የሚያልቅ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ደሙ ከሌላው ሰው ፈጥኖ አይፈስም፤ የሚፈሰው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ትንሽ ጭረት ጨርቅ ተይዞበት ሲጫኑት አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።

ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጭቃ ብቻውን ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ለጊዜው ይይዛል፤ ሲውል ሲያድር ግን ይሰነጠቅና ይረግፋል። እርስ በርሱ የሚተሳሰረው ጭድ ሲገባበት ነው። በሰውነታችንም የደም ሥር ሲቀደድ መጀመሪያ የሚደርሱት ፕሌትሌት የተባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ናቸው፤ እነሱ እንደ ጭቃው ቀዳዳውን ይለጥፉታል። ቀጥሎ ፋይብሪን የሚባል ክር መሰል ነገር ይሠራና እንደ ጭዱ ያስተሳስረዋል። ክሩን ለመሥራት ደግሞ በደም ውስጥ ያሉ ከአሥር በላይ የሆኑ ንጥረ ነገሮች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ በተራ ይሠራሉ። ሐኪሞች ፋክተር ይሏቸዋል፤ በቁጥርም ይጠሯቸዋል። ልክ ደቦ ላይ ድንጋይ እንደሚቀባበሉ ሰዎች ነው። ከመካከል አንዱ ከቀረ ድንጋዩ እዚያው ይቆማል። ስምንተኛው ፋክተር የጎደለበት ሰው ሄሞፊሊያ ኤ፣ ዘጠነኛው የጎደለበት ሄሞፊሊያ ቢ አለበት ይባላል። ጭቃው አለ፤ ጭዱ ግን የለም ማለት ነው።

ጉድለቱ በሁሉም ላይ እኩል አይደለም። ፋክተሩ ከመደበኛው መጠን ከመቶ አንድ እጅ በታች የሆነበት ልጅ ጽኑ ሕመምተኛ ነው፤ ምንም ሳይነካው እንኳ ሊደማ ይችላል። ከመቶ ከአምስት እጅ በላይ ያለው ደግሞ ጥርስ እስኪነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና እስኪደረግለት ድረስ ሳያውቀው ሊኖር ይችላል።

ታዲያ ከባዱ ነገር ምንድን ነው? ከባዱ ወደ ውስጥ የሚፈሰው ደም ነው። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን ውስጥ ይደማል። ውጪው ምንም ቁስል የለውም። መገጣጠሚያው መጀመሪያ ይነዝራል፣ ይሞቃል፤ ከዚያ ያብጣል፣ አልታጠፍ አልዘረጋ ይላል። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣል። ደሙ ደጋግሞ እዚያው ቦታ ሲፈስ በአጥንቶቹ ጫፍ ያለውን ለስላሳ ሽፋን ይበላዋል፤ መጨረሻው የማይታጠፍ ጉልበት ነው።

በሰፈራችን አንድ ልጅ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ሦስተኛ ክፍል ሳለ አንድ ቀን እያነከሰ ሄዶ አርፍዶ ደረሰ። ያረፈዱት ሁሉ ጠጠር ላይ ተንበረከኩ። እሱም ተንበረከከ። «ጉልበቴን አሞኛል» ብሎ ነበር፤ ግን አርፍዶ ጉልበቴን አሞኛል የማይል ተማሪ ማን አለ? ማታ ጉልበቱ እንደ ቅል አበጠ። ወለምታ ነው ተብሎ ወጌሻ ዘንድ ተወሰደ፤ ወጌሻውም በቅቤ አሸው። በማግሥቱ እብጠቱ ጭኑ ድረስ ወጣ። የበሽታውን ስም ቤተሰቡ የሰማው ከወራት በኋላ ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ሄዶ ደሙ ሲመረመር ነው። ልጁ ዛሬም ግራ እግሩ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። መምህሩን ክፉ ሰው ነው ለማለት አይደለም፤ ወጌሻውም ቢሆን ባወቀው መጠን ለመርዳት ነው የሞከረው። ያበጠን መገጣጠሚያ ማሸት ግን የሚደማውን ይበልጥ ማድማት ነው። ማንበርከክን በተመለከተ የእኔ አስተያየት በማንም ልጅ ላይ መደረግ የለበትም የሚል ነው። ምክንያቱም ከተንበረከኩት ውስጥ የትኛው ጉልበት ምን እንዳለበት ከውጪ አይታይም።

አሁን ወደ ዘር ጉዳይ እንመለስ፤ እዚህ ላይ በአገራችን ብዙ እናቶች ይወቀሳሉና። ሴት ኤክስ የሚባል ክሮሞሶም ሁለት አላት፤ ወንድ ግን አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። የስምንተኛውና የዘጠነኛው ፋክተር ትእዛዝ ያለው ኤክስ ላይ ነው። አንዲት ሴት አንዱ ኤክሷ ቢበላሽ ሌላው ብዙውን ጊዜ ይሸፍንላታል፤ ወንዱ ግን መጠባበቂያ የለውም። ተሸካሚ የሆነች እናት ወንድ ልጅ ስትወልድ በሽታው የመኖሩ ዕድል ሳንቲም ተወርውሮ አንበሳ ወይም ሰው እንደሚወጣው ግማሽ በግማሽ ነው። ሴት ልጅ ስትወልድም ልጅቷ ተሸካሚ የመሆኗ ዕድል እንዲሁ ግማሽ ነው። ሳንቲሙ ለያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይወረወራል፤ የመጀመሪያው ታመመ ማለት ሁለተኛው ይድናል ማለት አይደለም። በሽታው ያለበት አባት ግን ጤነኛዋን አግብቶ ቢወልድ ወንዶቹ ልጆቹ በሙሉ ነፃ ናቸው፤ ሴቶቹ ልጆቹ ግን በሙሉ ተሸካሚ ይሆናሉ። አንዳንድ ተሸካሚ ሴቶችም ፋክተራቸው ዝቅ ይልና በወር አበባና በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ይፈሳቸዋል።

«በዘሯ ያለ ነው፣ እርግማን ነው» የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። ከሦስት ሕመምተኞች አንዱ ገደማ በቤተሰቡ ከዚያ በፊት ምንም ምልክት ያልነበረበት ነው። ለውጡ በድንገት ይነሣል። እናቲቱ የሠራችው ነገር የለም።

ሰዎች ግን ነገሩ በእናት በኩል እንደሚሄድ የተረዱት ከጥንት ነው። ታልሙድ በተባለው የአይሁድ መጽሐፍ ውስጥ የእኅትማማቾች ልጆች በግርዛት ምክንያት ተራ በተራ ስለሞቱ የአራተኛዋ እኅት ልጅ እንዳይገረዝ መወሰኑ ተጽፏል። ክሮሞሶም የሚባል ነገር ሳይታወቅ ማለት ነው! በኛም አገር ወንድ ልጅ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ይገረዛል፤ በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ደግሞ በስምንተኛው ቀን። ስለዚህ የግርዛቱ ደም አልቆም ያለ ሕፃን ቶሎ መመርመር አለበት፤ የሚቀጥለው ወንድሙም ሳይመረመር ምላጭ አይነካው። እንጥል መቁረጥ፣ የሕፃን ድድ ቀዶ ጥርስ ማውጣትና ዋግምት ለማንም አይበጁም። ለዚህ ልጅ ግን ሞት ናቸው።

ነገሥታቱም አላመለጡም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ተሸካሚ ነበረች። ልጇ ልዑል ሊዮፖልድ በ1884 ፈረንሳይ አገር ወድቆ ተጎዳና በ30 ዓመቱ ሞተ። በሴት ልጇ በአሊስ በኩል ደግሞ በሽታው ሩስያ ገባ። የዛር ኒኮላስ ዳግማዊ ልጅ አሌክሲ በዚሁ ይሠቃይ ነበር፤ ራስፑቲን የተባለው ሰው በቤተ መንግሥቱ ያን ያህል የተሰማው በልጁ ሕመም ምክንያት ነው። በ2009 ከቤተሰቡ አፅም ላይ በተደረገ ምርመራ በሽታው ሄሞፊሊያ ቢ እንደነበረ ተረጋግጧል። የሩስያ ግዛት በሙሉ የታዘዘለት ልጅ ዛሬ በአንድ መርፌ የሚገኘውን አላገኘም።

መድኃኒቱ የመጣው በቅርቡ ነው። በ1964 ጁዲት ፑል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከሥሩ የሚቀረው አተላ በስምንተኛው ፋክተር የበለጸገ መሆኑን ገለጸች። በ1970ዎቹ ፋክተሩ በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ ሕመምተኛው በቤቱ የሚወጋው ሆነ። ታላቅ ደስታ ነበር። ዱቄቱ ግን የሚሠራው ከብዙ ሺህ ሰዎች ደም ተቀላቅሎ ስለነበር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኤድስ ቫይረስ ገባበትና በሺህ የሚቆጠሩ ሕመምተኞች ተያዙ። ከዚያ ወዲህ ዱቄቱን በሙቀት ማከምና ደምን መመርመር ተጀመረ፤ በ1992 ደግሞ ያለ ሰው ደም በቤተ ሙከራ የተሠራ ስምንተኛ ፋክተር ተፈቀደ። በ2017 ከቆዳ ሥር የሚወጋ ኤሚሲዙማብ የተባለ መድኃኒት፣ በ2022 የጂን ሕክምና ተከትለዋል። የኋለኛው ዋጋው የማይቀመስ ነው። በኛ አገር አዲስ አበባ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕመምተኞች ይታከማሉ፤ የዓለም የሄሞፊሊያ ፌዴሬሽንም ፋክተር በእርዳታ ይልካል። ፋክተር በማይገኝበት ቦታ ከለጋሾች ደም የተለየ ፕላዝማ ይሰጣል።

ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከዚሁ ዘመን የተገኘ ሌላ ታሪክ ነው። ራያን ዋይት የተባለ የኢንዲያና ልጅ ሄሞፊሊያ ነበረበት፤ በተበከለው ፋክተር ምክንያትም በኤድስ መያዙ በ1984 ታወቀ። በሚኖርበት በኮኮሞ ከተማ ትምህርት ቤቱ እንዳይገባ ከለከለው፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ወላጆች ተቃወሙ፤ ሲመለስም የሚቀርበው አጣ። በ1987 ቤተሰቡ ሲሴሮ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወረ። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ልጁ ከመምጣቱ በፊት ተማሪዎቹን ስለ በሽታው አስተማራቸው። ራያን ሲገባ እጁን ጨበጡት። ልጁም አንድ፣ በሽታውም አንድ፣ አገሩም አንድ ነው። በ1990 በ18 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር።

እንግዲህ በክፍላችን ቢገኝ ምን እናድርግ? ጭረት ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ሳይለቁ መጫን ነው፤ ቆመ አልቆመ እያሉ በየደቂቃው መግለጥ አያስፈልግም። ነስር ከሆነ ልጁ ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፤ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ይያዝ። በኛ አገር አንገትን ወደ ኋላ ማስደገፍ ተለምዷል፤ ይኸ ደሙን ያስውጠዋል እንጂ አያቆመውም። መገጣጠሚያ ከሆነ ማሳረፍ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ካልተገኘ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግና ቤተሰቡን ማስጠራት ነው። ልጁ «ይነዝረኛል» ሲል እብጠቱ እስኪታይ አይጠበቅም። ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው።

ራሱን፣ አንገቱን ወይም ሆዱን ከተመታ ግን ምንም ደም ባይታይ፣ ልጁም እየሳቀ ቢሮጥ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። እዚህ ላይ «እስኪ እስከ ማታ እንየው» አይሠራም። ለሕመሙ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይሰጠው፤ የደም መርጋትን ይበልጥ ያደናቅፋሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል። ጡንቻ ላይ የሚሰጥ መርፌም ጡንቻውን ሊያደማው ስለሚችል ጤና ጣቢያ የሚወስደው ሰው ይኸን አስቀድሞ ይናገር።

ሌላው ጥፋት ደግሞ ከመጠን በላይ መጠበቅ ነው። ልጁን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሉ የጓደኞቹን ሹራብ አስይዞ ዛፍ ሥር ማስቀመጥ መድኃኒት አይደለም። የጠነከረ ጡንቻ መገጣጠሚያን ይጠብቃል። የእግር ጉዞ፣ ባለበት ቦታ ዋና፣ ቀላል ጅምናስቲክ ይፈቀዱለታል፤ ትግል፣ ቦክስና የገና ጨዋታ ይቅሩበት። እግር ኳስ ላይ ዳኛ ይሁን። ፊሽካ የያዘ ልጅ ደግሞ እንደምታውቁት በሜዳው ላይ ትንሽ ሰው አይደለም።

በመጨረሻ ስለ መቅረት። ይኸ ልጅ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይቀራል፤ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ። ስም መጥሪያው ላይ ቀይ ምልክቱ ይበዛል፤ ቀሪ አብዝቷል ተብሎም ከፈተና ይታገዳል። ጉልበቱ ታመመ እንጂ እጁና አእምሮው ደኅና ናቸው። ማስታወሻውን በጎረቤት ተማሪ መላክ፣ ያመለጠውን ፈተና በሌላ ቀን መስጠት፣ ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነም ምድር ቤት ወዳለው ማዛወር ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ለልምምድ ስንወጣ በመጀመሪያው ሳምንት የተማሪዎችን ስም ስንመዘግብ «የማያቋርጥ ሕመም ያለበት አለ ወይ?» ብለን ወላጆችን ለብቻቸው እንጠይቅ፤ በክፍል ፊት ከተጠየቀ ማንም እጁን አያወጣም።