ከመርማሪው ጎን የሚቆመው ተራኪ፦ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የመሳብ ኃይል ከየት ይመነጫል?

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ለምን እንደሚወደድ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የመርማሪው የአእምሮ ምጥቀት ነው። የሼርሎክ ሆምስ ስም ከደራሲው ስም በላይ መግነኑም ለዚህ መልስ ድጋፍ ይመስላል። ይሁን እንጂ ብልኅነት ብቻውን ታሪኩን አያቆመውም፤ ምስጢሩን የደረሰበት ሰው ራሱ ሁሉን እየገለጠ ቢተርክ ጉጉቱ ገና በጅምሩ ያከትማል። ይህ ጽሑፍ የዘርፉ የመሳብ ኃይል በአመዛኙ ከመርማሪው ጎን በሚቆመው ተራኪ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያብራራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝቬታን ቶዶሮቭ በ1966 ባሳተመው ጥናት ይህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ሁለት ታሪኮችን አጣምሮ እንደሚይዝ አመልክቷል። አንደኛው የወንጀሉ ታሪክ ሲሆን ምርመራው ሳይጀመር አብቅቷል፤ ሁለተኛው አንባቢው የሚከታተለው የምርመራው ታሪክ ነው። ደራሲው የመጀመሪያውን ታሪክ ፍንጮች ማሳየት፣ ትርጉማቸውን ግን እስከ መጨረሻው መያዝ ይኖርበታል። ፍንጩን ከደበቀ አንባቢውን ይበድላል፤ ትርጉሙን ቀድሞ ከገለጠ ጉጉቱን ይገድላል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የተገኘው መርማሪው ያየውን የሚያይ፣ ያየውን ግን መፍታት የማይችል ተራኪ ነው።

ስልቱ በአሜሪካዊው ደራሲ በኤድጋር አለን ፖ ሥራዎች ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ፖ በ1841 ባሳተመው «የሩ ሞርግ ግድያዎች» የፓሪሱን ኦጉስት ዱፓን ለአንባቢ የሚያስተዋውቀው ስሙ ያልተጠቀሰ ወዳጁ ነው። ስኮትላንዳዊው አርተር ኮናን ዶይል ከ1887 ጀምሮ ለዚህ ዓይነቱ ወዳጅ ስም፣ ሙያና የኑሮ ታሪክ ሰጠው፤ በአፍጋኒስታን ጦርነት የቆሰለው ሐኪም ዶክተር ዋትሰን ተወለደ። ዶይል ስለ ሆምስ ከጻፋቸው 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ልብ ወለዶች መካከል በጥቅሉ 56ቱን የሚተርከው ዋትሰን ነው። ሁለቱ በሦስተኛ መደብ የቀረቡ ሲሆን፣ የቀሩትን ሁለት ሆምስ ራሱ ይተርካቸዋል። በ1926 ከታተሙት ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች በአንደኛው ሆምስ የገዛ ታሪኩን ሲተርክ የግምቱን ሰንሰለት ቀድሞ ለመግለጥ እንደሚገደድ፣ ዋትሰን ግን ሰንሰለቱን በመሸሸግ አስደናቂ ፍጻሜ ያበጅ እንደነበር በቁጭት ያምናል። ደራሲው በገፀ ባሕርዩ አንደበት የስልቱን አሠራር ገለጠ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት አጋታ ክሪስቲ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ»ን አሳተመች። በዚህ ልብ ወለድ ከፖይሮ ጎን ቆሞ የሚተርከው የመንደሩ ሐኪም ራሱ ገዳዩ ሆኖ ይገኛል። ሐኪሙ አንባቢውን በግልጽ አይዋሽም፤ ወሳኝ የሆኑትን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ዘልሎ ያልፋል። አንዳንዶች ድርጊቱን እንደ ማጭበርበር ሲቆጥሩት፣ ሌሎች አንባቢ ማንንም ከጥርጣሬ ነፃ ማድረግ የለበትም በማለት ተከላከሉላት። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 ባወጣቸው አሥር ደንቦች ውስጥ የመርማሪው ወዳጅ በልቡ ያለፈውን ሐሳብ እንዳይሰውር፣ የማስተዋል ችሎታውም ከአማካይ አንባቢ በጥቂቱ ብቻ ዝቅ እንዲል ጠይቋል። ደንቡ አንባቢውን ከመርማሪው ጋር በእኩል ማስረጃ የሚወዳደር ተሳታፊ አድርጎ ይመለከተዋል።

የተራኪው ቦታ ሲለወጥ የጉጉቱም ዓይነት ይለወጣል። ሬይመንድ ቻንድለር በ1939 ባሳተመው «ዘ ቢግ ስሊፕ» መርማሪው ፊሊፕ ማርሎው ታሪኩን በራሱ አንደበት ይተርካል። አጃቢ ወዳጅ የለውም፤ ምርመራው በሚካሄድበት ጊዜም አደጋው እርሱኑ ያሳድደዋል። «ገዳዩ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እየደበዘዘ፣ «መርማሪው ምን ይገጥመው ይሆን?» የሚለው ስጋት ይጎላል።

ከዚህ የሚገኘው ግንዛቤ ከዘርፉ ወሰን ያልፋል። የምርመራ ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ተቆጥሮ ከጥናት ገበታ ይገለላል። ነገር ግን አንባቢው ማስረጃን ከግምት እንዲለይ፣ ከዚያም በላይ የምስክሩን ቃል ከነዝምታው እንዲመዝን ያስገድደዋል። የክሪስቲ ሐኪም ያልተናገራቸው ደቂቃዎች እንደሚያሳዩት፣ እያንዳንዱ ቃል እውነት የሆነበት ትረካ በጥቅሉ ሐሰት ሊሆን ይችላል። የትረካ ተዓማኒነትን የሚያጠና ተመራማሪ ይህን ዘርፍ አልፎ መሄድ አይገባውም።