«ከወንጀል ነፃ» የሚለው ወረቀት የማይነግረን ነገር

ልጅ የሚጠብቅ ወይም አልጋ ላይ የዋሉ ወላጆቻችንን የሚያስታምም ሰው ስንቀጥር ብዙዎቻችን የምንጠይቀው መታወቂያና ተያዥ ነው። ጠንቀቅ የሚሉት ደግሞ አሻራ ተሰጥቶ ከፖሊስ «ከወንጀል ነፃ» የሚል ማስረጃ እንዲመጣ ያደርጋሉ። ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት። ግን እሱ ብቻውን አይበቃም።

በ2002 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ፣ ሶሃም በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት የ10 ዓመት ሴት ልጆች ተገደሉ። ገዳዩ ኢያን ሀንትሊ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ነበር። ሲቀጠር ስለ እሱ ፖሊስ ተጠይቆ የተገኘ ነገር አልነበረም። በኋላ ሲጣራ ግን ቀድሞ በኖረበት በሀምበርሳይድ አካባቢ በተደጋጋሚ በወሲብ ጥቃት ተጠርጥሮ ነበር። ጥፋተኛ ስላልተባለና መረጃው በአግባቡ ስላልተያዘ ቀጣሪው ጋር አልደረሰም። ዛሬ እዚያ ያለው ጥብቅ ማጣሪያ ከፍርድ በተጨማሪ ፖሊስ ጠቃሚ ነው ያለውን ሌላ መረጃም ያካትታል።

እኛ ሐኪሞች የላብራቶሪ ውጤት ኔጌቲቭ ቢሆንም ምልክት ካለ መመርመራችንን አናቆምም። ይሄም እንደዛው ነው። ወረቀቱ «የተመዘገበ ጥፋት የለም» ይላል እንጂ «ልጅ ጎድቶ አያውቅም» አይልም። ብዙ ልጆች የደረሰባቸውን ለማንም አይናገሩም።

ስለዚህ፦

✅ የቀድሞ አሠሪን ራሳችሁ አግኙ። የደላላ ምስክርነት አይበቃም። «ለምን ወጣች? ልጅዎን ድጋሚ ይሰጧት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

✅ ሞግዚት ብቻ አይደለም። አስጠኚ፣ ሹፌር፣ ቤት የሚያድር ዘመድም ይታሰብበት። ልጅን የሚያጠቃው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው።

✅ አንዳንዴ ሳይታሰብ ቤት ግቡ።

✅ ልጃችሁ «ለእማዬ እንዳትነግር» የተባለውን ምስጢር እንዲነግራችሁ አስተምሩት።

ትቶት የነበረ ሽንት በአልጋ መሽናት ከተመለሰ፣ ልጁ አንድን ሰው በድንገት ከፈራ፣ ብልቱ አካባቢ ሕመም ወይም ደም ካለ ዝም አትበሉ። ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ግን ይታይ። ጥቃት ከጠረጠራችሁ ሳታጥቡት፣ ልብሱን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል።

ብዙዎቹ ሞግዚቶች ልጆቻችንን እንደ ራሳቸው የሚያሳድጉ ናቸው። ማጣራት እነሱን መናቅ አይደለም፣ ለልጁ መናገር ነው።

ሠራተኛ እየፈለገ ላለ ሰው ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!