ለየትኛው ወር እናዘንብለው?

ፍራንክፈርት ውስጥ ስለ ሶላር የጠየቀ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቁጥር 35 ነው። ፓነሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ፣ ከአግድሙ 35 ዲግሪ ያህል ቀና ይበል ይሉታል፤ ሻጩም፣ ገጣሚውም፣ ቀድሞ ያስተከለ ጎረቤትም። ቁጥሩ ሐሰት የለበትም። የሚመልሰው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ዓመቱን ሙሉ ተደምሮ ብዙ መብራት የሚሰጠኝ የትኛው ነው?» የሚለውን። «በብርዱ ወራት ምን አገኛለሁ?» ወይም «ከሥራ ገብቼ ወጥ ስሠራ ይደርስልኛል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ሌላ ነው። አንዳንዴ መልሱ ከማዘንበል ጋር ጭራሽ አይገናኝም።

ከፀሐይዋ እንጀምር። ፍራንክፈርት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 50 ዲግሪ ላይ ናት። ጁን 21 ቀትር ላይ ፀሐይ ከአድማስ 63 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ቀኑም ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል። ዲሴምበር 21 ላይ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይዋም ብትወጣ ብትወጣ ከ16 ዲግሪ ተኩል አታልፍም። ያን ቀን አሥር ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ በቀትር ወደ 34 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። ከመንገዱ ማዶ የቆመ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ታች ያለውን በረንዳ ለሳምንታት ፀሐይ ሊነሳው ይችላል ማለት ነው። ዝቅ ብሎ የሚመጣ ብርሃን አየር ውስጥ የሚያቋርጠው መንገድም ይረዝማል፤ ፀሐይ አናት ላይ ብትሆን ከሚያቋርጠው ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል። የሚገርመው ምድር ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በዚሁ ብርድ፣ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው። ከጁላይ ይልቅ ወደ 7 በመቶ የሚበልጥ ጨረር ይደርሳታል። ፍራንክፈርት ላይ ሆኖ ይህን ጭማሪ ልብ ያለ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

ማዘንበል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ብርሃን ፓነሉን ፊት ለፊት ሲመታው ጉልበቱን ሁሉ ያሳርፍበታል፤ በጎን ሲያገኘው ያው ብርሃን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ሳስቶ ይፈስሳል። ሒሳቡ አያስቸግርም። ደመና በሌለበት የዲሴምበር 21 ቀትር፣ በጀርባው የተኛ ፓነል ከቀጥተኛው ጨረር 28 በመቶውን ብቻ ይይዛል። በ35 ዲግሪ ያዘነበለው 78 በመቶ፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመው ደግሞ 96 በመቶ ይደርሰዋል። ጁን 21 ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የተኛው 89፣ ባለ 35ቱ 99፣ የቆመው 45። እንግዲህ ለብርዱ ወራት ብቻ የሚያስብ ሰው ፓነሉን እስከ 65 ወይም 70 ዲግሪ ቢያቆመው አልተሳሳተም። በረዶም ሲጥል ተንሸራቶ ይወርድለታል።

ይህ ሁሉ ግን ፀሐይዋ ከታየች ነው። በዲሴምበር ፍራንክፈርት በአማካይ 50 ሰዓት የማይሞላ ፀሐይ ነው የምታየው፤ የወሩ ቀናት ርዝመት ሲደመር ግን 250 ሰዓት ይሆናል። የቀረው ጊዜ ግራጫ ነው። ደመና ሲሸፍን ብርሃኑ ከአንድ ወገን መምጣቱን ትቶ ከመላው ሰማይ ተበትኖ ይወርዳል፤ ለእንዲህ ያለ ብርሃን ደግሞ ፓነልን ማቆም ኪሳራ ነው። የተኛው ሰማዩን በሙሉ ያያል። በ70 ዲግሪ የቆመው ሁለት ሦስተኛውን ያያል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው፤ የቀረው ግማሽ አስፋልትና የሰው ቤት ነው። ዝቅ ያለችው ፀሐይ «ቁም» ትላለች፣ ደመናው «ተኛ» ይላል፤ ፓነሉም በሁለቱ መካከል ነው የሚከርመው። በጀርመን ዓመቱን ሙሉ ከሚደርሰው ብርሃን ግማሽ ያህሉ ይህ የተበተነው ስለሆነ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ቆጣሪው የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። አንድ ኪሎዋት አቅም ያለው፣ ጥላ የማይነካው፣ በ35 ዲግሪ ደቡብን የሚያይ ሶላር ፍራንክፈርት ላይ በዓመት 1000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያመነጫል። በጁን ወይም በጁላይ በወር ከ120 በላይ፣ በዲሴምበር ከ25 እስከ 35። የአራትና የአምስት እጥፍ ልዩነት ነው። ስለዚህ ሻጭ የዓመቱን ድምር ለ12 አካፍሎ «በወር 83» ሲል ጠርጠር ማድረግ ይገባል፤ ማርች ወይም ሴፕቴምበር አካባቢ ካልሆነ በቀር ያንን የሚመስል ወር የለም። የአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል ጣሊያን ኢስፕራ ላይ ያዘጋጀው ፒቪጂአይኤስ የሚባል የሒሳብ መሣሪያ አለ። አድራሻን፣ ዝንባሌንና አቅጣጫን ሲነግሩት ምርቱን በየወሩ ዘርዝሮ ይሰጣል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ውል ከመፈረም በፊት አሥር ደቂቃ ቢሰጡት ከሻጩ ብሮሹር የተሻለ ይናገራል።

«በኬክሮስህ ልክ አዘንብል» የሚል የቆየ ምክር አለ። በዚያ ቢኬድ ፍራንክፈርት 50 ዲግሪ ይደርሳት ነበር። ወደ 35 የወረደው ከዓመቱ ብርሃን ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ፀሐይ ከፍ በምትልባቸው ወራት ስለሆነ ነው፤ የተበተነው ብርሃንም ወደ ታች ይጎትተዋል። ደግሞ ቁጥሩ ያን ያህል ጥብቅ አይደለም። በ25 ወይም በ45 ዲግሪ ቢተከል ከዓመቱ የሚጎድለው 2 በመቶ ገደማ ነው። ምሥራቅን ወይም ምዕራብን የሚያይ ጣሪያ እንኳ የደቡቡን 80 በመቶ ያህል ይሰጣል። ስለ አምስት ዲግሪ ከሚጨቃጨቅ ሰው የጭስ ማውጫውንና የጎረቤቱን ዛፍ ጥላ የሚያይ ሰው ብዙ ይተርፈዋል።

አንግሉን በዓመት ሁለቴ መቀየርስ? ይቻላል፤ የሚጨምረው ግን ጥቂት በመቶ ነው፣ መሰላል መውጣትም አለበት። ከዚያም አልፈው የሄዱ አሉ። ፍራይቡርግ ከተማ አርክቴክት ሮልፍ ዲሽ በ1994 የሠራው ሄሊዮትሮፕ የተባለ ቤት ራሱ ክብ እየዞረ ፀሐይን ይከተላል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ፓነል ደግሞ ለብቻው ይዞራል። እንዲህ የሚከታተል ሶላር ከተተከለበት ከማይነቃነቅ ሶላር ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጭማሪ ይሰጣል። ያኔ ፓነል ውድ ስለነበር ነገሩ ያስኬድ ነበር። ዛሬ ሞተርና ማርሽ ከመግዛት አንድ ሁለት ፓነል መጨመር ይረክሳል።

ሙቀትም የራሱ ነገር አለው። ፓነል ላይ የሚጻፈው ዋት የተለካው ሕዋሱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆንና በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበት ነው። ጁላይ ላይ በጋለ ጣሪያ የሕዋሱ ሙቀት 60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ከ25 በላይ በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ስለሚጠፋ ከአቅሙ አሥራ ምናምን በመቶው ይጎድላል። ስልክ ላይ የሚታየው የከፍተኛ ዋት ሪከርድ ብዙ ጊዜ በኤፕሪልና በሜይ፣ ዝናብ አየሩን አጥቦ ነፋሱ ገና ቀዝቀዝ ባለበት ቀን የሚመዘገበውም ለዚህ ነው። ጁን የሚበልጠው በቀኑ ርዝመት ነው።

አሁን ወደ በረንዳው እንምጣ፤ አብዛኛው የእኛ ሰው የሚኖረው ተከራይቶ ነው፣ ጣሪያው የሌላ ነው። ፍራንክፈርትና አካባቢዋ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ፤ በረንዳ ላይ የሚሰቀል ሶላርም በቅናሽ ሱፐርማርኬት ሳይቀር ይሸጣል። ዕቃው ቀላል ነው፦ ከ400 እስከ 450 ዋት የሚሰጡ ሁለት ፓነሎች፣ እያንዳንዳቸው የበር ያህል ቁመት ያላቸውና ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ፤ አንድ ኢንቨርተር፤ ከዚያም ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድ። ከሜይ 2024 ወዲህ ኢንቨርተሩ እስከ 800 ዋት፣ ፓነሎቹ ተደምረው እስከ 2000 ዋት ይፈቀድላቸዋል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የወጣው ሕግ ደግሞ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክል አድርጓል፤ አሰቃቀሉ ላይ ግን አሁንም ቃል አለው።

በረንዳ ላይ ፓነሉ ብዙውን ጊዜ ከብረቱ አጥር ጋር ቀጥ ብሎ ይታሰራል። ደቡብን ቢያይ እንኳ ከምርጡ ዝንባሌ ጋር ሲተያይ በዓመት 30 በመቶ ገደማ ይጎድለዋል። ጁን ላይ ፀሐይ የምትወጣው በሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ በጀርመን ሰዓት ወደ 9 እስኪጠጋ ድረስ ቀጥተኛ ጨረር አያገኝም፤ ከምሽቱ 6 ግድም በኋላም ከጀርባው ትሄድበታለች። በጠራ የጃንዋሪ ቀን ግን የጣሪያውን ይበልጣል። እግሩን ወደ ውጭ ገፋ የሚያደርግ ብረት ተገዝቶ 70 ዲግሪ ላይ ቢቆም ከጎደለው ብዙውን ይመልሳል። ከዚያ በላይ ማዘንበል ነፋስ ይጋብዛል፤ የታች ፎቁን ጎረቤት ብርሃን መሸፈንም ከፀብ በቀር ትርፍ የለውም።

አቅሙንም ማወቅ ደግ ነው። 800 ዋት ፍሪጁን፣ ኢንተርኔቱን፣ ቴሌቪዥኑን ይችላል። ከሀገር ቤት የመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ በበረንዳ ሶላር ብቻ እንጀራ አይጋገርም፤ እሑድ ቀትር ላይ ቢጋገር ግን ከአራት እጅ አንዱን ያህል ሰማይ ይከፍላል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መጋገር የለመደ ቤት ጥቅሙን ለኤሌክትሪክ መረቡ አሳልፎ ይሰጣል።

ይህ ነገር የ35ን ቁጥር ታሪክ ያስታውሰኛል። የጀርመን የታዳሽ ኃይል ሕግ በኤፕሪል 2000 ሲጸና ከሶላር ወደ መረቡ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 99 ፌኒግ፣ በዛሬው ገንዘብ 50 ሳንቲም ዩሮ ገደማ፣ ለ20 ዓመት ይከፈል ነበር። ያን ጊዜ ብልህ ሰው የሚያስበው የዓመቱን ድምር ብቻ ነው፤ መቼ ተመረተ የሚል ጥያቄ አልነበረም። ዛሬ የትንሽ ጣሪያ ትርፍ ምርት የሚያገኘው 8 ሳንቲም ግድም ሲሆን ከመረቡ የሚገዛው ግን ከ30 ሳንቲም በላይ ነው። ከፌብሩዋሪ 2025 ወዲህ በተተከሉት ላይ ደግሞ የገበያው ዋጋ ከዜሮ በታች በሚወርድባቸው ሰዓታት በመርህ ደረጃ ክፍያ የለም፤ እነዚያ ሰዓታት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐያማ የእረፍት ቀን ቀትሮች ናቸው፣ ሁሉም የደቡብ ጣሪያ አንድ ላይ የሚያመርትባቸው። በእኔ እይታ 35 ዲግሪ ደቡብ የሚለው ምክር የ50 ሳንቲሙ ዘመን ምክር ነው። ከቤት የሚወጡና የሚገቡ ሰዎች ጠዋት ምሥራቁን፣ ማታ ምዕራቡን የሚያዩ ፓነሎች ቢኖሯቸው በድምሩ እያነሰ በኪሳቸው ይበልጣል። ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተጠጋግተው በ10 እና በ15 ዲግሪ የሚተከሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ጥላ ስለማይጥል ቦታው ብዙ ፓነል ይይዛል፣ ነፋስም ብዙ አያነሳቸውም።

እዚህ የተማሩትን ይዘው ሀገር ቤት ለወላጆቻቸው ሶላር የሚያስተክሉ ሰዎች አሉ፤ 35 ዲግሪውንም አብረው ሊወስዱት ይችላሉ። አዲስ አበባ ያለችው 9 ዲግሪ ላይ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በሰኔ ደግሞ አናትን አልፋ በሰሜን በኩል ትታያለች። ደቡብን እያየ በ35 ዲግሪ የተተከለ ፓነል በታኅሣሥና በጥር ግሩም ይሠራል፤ በሰኔ ቀትር ግን ከቀጥተኛው ጨረር ሲሶው ያመልጠዋል። ያ ጊዜ ደግሞ ክረምቱ የሚገባበት፣ ደመናው የሚከብድበት ነው፤ ባትሪው ሳይሞላ የሚያድረውም ያኔ ነው። የአዲስ አበባ ደካማ ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፤ ፍራንክፈርት ሞልቶ በሚፈስባት ጊዜ። ለወላጆቹ በጀርባው ሊተኛ ጥቂት የቀረው ፓነል ይሻላል፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፣ ያውም በዋነኝነት ዝናቡ የበጋውን አቧራ አጥቦ እንዲወርድ።