ከቤተ ሙከራ ወደ ሕመምተኛው አልጋ

በቤተ ሙከራ የሠለጠነ ሊቅ ወደ ሕክምና ምርምር ሲሻገር ዕውቀቱ አብሮት ይሻገራል፤ ኃላፊነቱ ግን ሌላ ይሆናል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሜይ 25 ቀን 1940 በኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ፍሎሪና ረዳቶቻቸው ስምንት አይጦችን በበሽታ ተሕዋስያን ወጉ። በማግሥቱ ፔኒሲሊን የተሰጣቸው አራቱ በሕይወት ሲገኙ፥ ያልተሰጣቸው አራቱ ሞተው ተገኙ።

በፌብሩዋሪ 1941 መድኃኒቱ አልበርት አሌክሳንደር ለተባለ፥ ቁስሉ ላመረቀዘ ፖሊስ ተሰጠ። ሰውየውም ማገገም ጀመረ። ነገር ግን መድኃኒቱ ጥቂት ስለ ነበር ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው እስከ መስጠት ደረሱ። በመጨረሻ አለቀ፤ በሽተኛውም በማርች 15 ቀን ሞተ። ሊቃውንቱም ከዚያ በኋላ በይበልጥ ጥቂት መጠን የሚበቃቸውን ሕፃናት አከሙ።

በቤተ ሙከራ ያለቀው ይተካል፤ የከሸፈውም ይደገማል። የሰው ሕይወት ግን አይደገምም። ስለዚህ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሁሉ አስቀድሞ የሕመምተኛውን ፈቃድ ሊጠይቅ፥ የጀመረውንም የሚፈጽምበትን መድኃኒት ሊያዘጋጅ ይገባዋል።