ተቀበል!

የአንድ ሰው ቴአትር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው «እያዩ ፈንገስ»ን ነው። በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተው ሥራ ነው። ፌስታል ያንጠለጠለ አንድ እብድ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሲያስቅ፣ ቆይቶ ደግሞ ዝም ሲያሰኝ አይተናል። ከዚያ ወዲህ «የራሴን ጽፌ ብቻዬን ልሥራ፤ ከየት ልጀምር?» የሚሉ ወጣቶች በርክተዋል። እኔ የምጠቁማቸው ትምህርት ቤት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንቺስ ሲያስተምር የኖረውን ነው፤ አዝማሪ ቤትን።

አዝማሪ ደራሲም፣ ዜማ አውጪም፣ ተዋናይም ነው። ዕቃው አንድ መሰንቆ ብቻ ነው፤ ቆዳ የተለበጠ ሳጥን፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፣ አንድ ደጋን። በእጁ የተጻፈ ነገር የለም። ገና ሲገባ እንግዳውን ያያል። ማን ከማን ጋር ተቀመጠ? ማን አዲስ ልብስ ለበሰ? ማን አኩርፏል? ምሽቱን የሚጽፈው ከዚህ ነው። ሁለት ስንኝ ይላል፤ ከዚያ ድምፁን አቁሞ መሰንቆውን ብቻ ይገዘግዛል። ያቺ ክፍተት ለእኛ ዜማ ናት፤ ለእሱ ግን የማሰቢያ ጊዜው ናት። ልብ ብዬ ሳደምጥ፣ መጀመሪያ የሚታየው የቤቱ መምቻ፣ ማለትም የሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ቃል ይመስለኛል፤ የቀረው ወደዚያ ቃል የሚያደርስ መንገድ ነው። ብቻውን የሚጽፍ ሰውም መድረሻውን ሳያውቅ ባይነሣ ይሻለዋል።

ቃሉ ደግሞ ሁለት ፊት ሊኖረው ይችላል። «አልጋ» መኝታም ነው፣ ዙፋንም ነው። ስለ መኝታ የተዘፈነ መስሎት የሚስቅ አለ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ግን ስለ ዙፋን መሆኑ ገብቶት መለኪያውን ያስቀምጣል።

ከሁሉ የምወደው ግን «ተቀበል!» የሚለውን ጥሪ ነው። እንግዳው ከመቀመጫው ሆኖ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ መልሶ ያሰማዋል፤ የወደደ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። የአንድ ሰው መድረክ ትልቁ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። አድማጩ ሁለተኛው ተዋናይ ነው። አድማጩን ሳያይ የሸመደደውን የሚወርድ ተዋናይ መድረኩን ለግማሽ ሰው ብቻ አዘጋጅቷል።

አዝማሪ ቤቶቹ የነበሩበት ሰፈር ስም ራሱ ታሪክ አለው። «ካዛንቺስ» ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው መጠሪያ የመጣ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች የአገዛዙን መጨረሻ ለሕዝብ ይነግራሉ ተብለው እንዲገደሉ ታዘዘ። አንድ ሰው አንድ ክር ይዞ ያን ያህል አስፈርቶ ነበር። ያ አገዛዝ በስሙ ትቶት የሄደው ሰፈር ኋላ የመሰንቆ መንደር መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ከካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ረጅም ዕድሜ ካገኙት አንዱ ፈንድቃ ነው። መላኩ በላይ በልጅነቱ እዚያ ለሽልማት ብር እየጨፈረ፣ ሌሊት በባንኮኒው ሥር እየተኛ አደገ፤ ኋላም ቤቱን ራሱ ያዘው፤ ሥዕል የሚታይበት፣ ግጥም የሚነበብበት የባህል ማዕከል አደረገው። በእስክስታው የዓለም መድረኮችን ረግጧል። በ2017 ዓ.ም. ነባሩ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሣ የፈንድቃም ግቢ አብሮ ተነሣ። ቤቱ ፈረሰ፤ ሙያው ግን በሰዎቹ እጅ አለ።

የራሳችሁን ሥራ ልትጽፉ ያሰባችሁ፣ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት አዝማሪ ያለበትን ቤት ፈልጋችሁ አንድ ምሽት ተቀመጡ። ስትሄዱም የራሳችሁን ሁለት ስንኝ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ተቀበል!» በሉና ከእሱ አፍ እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ ስሙት።