ለሌላ ከመላክዎ በፊት ዋናውን ጽሑፍ ይፈልጉ

በቤተሰብ የቴሌግራም ቡድን ስለ ጤና የማይላላክ ነገር የለም። «ዶክተሮች አረጋገጡ» ይላል መልእክቱ፤ የትኞቹ ዶክተሮች፣ የት፣ መቼ የሚለው ግን የለበትም። ጠዋት ጎንደር ፒያሳ የተላከው ማታ ደባርቅ ይነበባል። እውነቱን ከሐሰቱ ለመለየት የሚረዳ ቀላል ልማድ አለ፦ ዋናውን ጽሑፍ ፈልጎ ማንበብ፣ ሲያካፍሉም ከነምንጩ ማካፈል።

ካላዛርን ለምሳሌ እንውሰድ። ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርዱ የደጋ ልጆች ብዙ ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኝ ሲነሳ በሽታው በአካባቢው እምብዛም ስለማይታወቅ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በርካቶች ከሞቱ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ በጥናት ተጽፎ ተቀምጧል። አንዱን ያነበበች እናት ልጇ ከቆላ ትኩሳት ይዞት ሲመለስ «የት ሠርቶ እንደመጣ ይመዝገብልኝ፤ ካላዛርም ይታይልኝ» ለማለት አትቸገርም።

ጽሑፎቹ የት ይገኛሉ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪ የተባለ አገልግሎት ከአሳታሚዎች ጋር ጀመረ። ኢትዮጵያን በመሰሉ አገሮች ያሉ ተቋማት በእሱ በኩል ውድ የሕክምና መጽሔቶችን ያነባሉ። መግቢያው ለተቋም ስለሆነ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቤቱ በስልክ ለሚፈልግ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው ፐብሜድ ለሁሉም ክፍት ነው። የብዙዎቹን ጽሑፎች አጭር መግለጫ ያሳያል፤ ሙሉው በነፃ የሚነበብም አለ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የዳባት የጥናት ማዕከል የተሠሩ ጥናቶችም እዚያ ይገኛሉ።

ፍለጋው የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በፊደል ነው። ጎንደር በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ ስላላት በአንዱ ብቻ የፈለገ ብዙ ያመልጠዋል። ካላዛርንም ባለሙያዎች «ቪሴራል ሌሽማኒያሲስ» ብለው ስለሚጽፉት በሁለቱም ስም መሞከር ነው። በአማርኛ ጋዜጦች ደግሞ «ጎንደር» እና «ጐንደር»፣ «ሐኪም» እና «ሀኪም» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። «አዲስ ዘመን» ብለው ሲጽፉም ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ጋዜጣና የሊቦ ከምከሟ ከተማ ተቀላቅለው ይመጣሉ፤ «ካላዛር» የሚለውን ቢጨምሩበት ይለያል። በፎቶ መልክ የተቀመጡ የቆዩ ጋዜጦች ግን በቃል ፍለጋ ላይገኙ ይችላሉ፤ ለእነሱ ዓመቱንና ወሩን ይዞ መሄድ ይሻላል።

ሲያካፍሉ አራት ነገር ይጻፉ፦ ርዕሱን፣ የጸሐፊውን ስም፣ የወጣበትን መጽሔት ወይም ጋዜጣ፣ ቀኑን። የቆየ ዜና ቀኑ ተቆርጦ ሲላክ እንደ ዛሬ ወረርሽኝ ሰፈር ያሸብራል። በቤተ መጻሕፍት መግቢያ ያገኙት ከሆነ ከላይ ያለው አድራሻ ለሌላ ሰው ላይከፈት ስለሚችል «ቋሚ ሊንክ» የሚለውን ፈልገው እሱን ይላኩ። የመግቢያውን የይለፍ ቃል ግን ለማንም አይስጡ። በእንግሊዝኛ ከሆነም ለቤተሰቡ የገባዎትን በሁለት መስመር በአማርኛ ያስከትሉ። የመድኃኒት መጠን ግን ከጽሑፍ ቀድተው አይላኩ፤ እሱ በሽተኛውን ያየው ባለሙያ ሥራ ነው።

የቤተሰብዎ አባል ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ፍለጋው ይቆይ፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ።