ዓይን ሲመላለስ ልብ የሚያርፍበት ሕክምና

ጦርነት፣ ግፍ ወይም ድንገተኛ አደጋ የደረሰበት ሰው፣ መከራው ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላም ቢሆን፣ በር ድንገት ሲጋጭ ወይም የጭስ ሽታ ሲሸተው እንደዚያች ክፉ ቀን ይንቀጠቀጣል፤ አእምሮው ነገሩ ማለፉን ቢያውቅም ሥጋው ገና አላመነምና። ይህን ደዌ ለመፈወስ ከተገኙት መንገዶች አንዱ፣ ሕመምተኛው መከራውን በኅሊናው እያሰበ ዓይኖቹን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያመላልስበት ሕክምና ነው።

መሥራቿ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ፍራንሲን ሻፒሮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 በመናፈሻ ውስጥ ሲዘዋወሩ፣ ዓይኖቻቸው ወዲያና ወዲህ በተመላለሱ ቁጥር የሚያስጨንቃቸው ሐሳብ እየቀለለ መሄዱን አስተዋሉ፤ ነገሩን በሌሎችም ላይ ፈትነው በ1989 የመጀመሪያ ጥናታቸውን አሳተሙ።

ሥራው ስምንት ደረጃ አለው። ሐኪሙ አስቀድሞ የሕመምተኛውን ታሪክ ይሰማል፤ ጭንቀት ሲበረታበት ራሱን የሚያረጋጋበትንም ዘዴ ያስተምረዋል፤ ይህ ሳይደረግ ቁስሉን መንካት ድፍረት ነው። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ከመከራው ሁሉ የከፋውን ሥዕል፣ ከዚያም ጋራ ስለ ራሱ የሚያምነውን ክፉ ቃል፣ ለምሳሌ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን፣ ለይቶ ያወጣል፤ የጭንቀቱንም መጠን ከ0 እስከ 10 ይመዝናል። ሐኪሙ ሁለት ጣቶቹን አንሥቶ በፊቱ ሲያመላልስ፣ እርሱ አንገቱን ሳያዞር በዓይኑ ብቻ ይከተላል። ግማሽ ደቂቃ ያህል እንደ ቆየ ጣቶቹ ይቆማሉ፤ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ «አሁን ምን ታየዎት?» ተብሎም ይጠየቃል። የታየውን ባጭሩ ሲናገር፣ ሐኪሙ ሳይገሥጽና ሳይከራከር «በዚያው ይቀጥሉ» ብሎ ጣቶቹን መልሶ ያነሣል፤ ሥዕሉ ሳይጠፋ ጭንቀቱ ብቻ እስኪወርድ ድረስም እንዲሁ ይደጋገማል። የደረሰበትን ሁሉ አንድ በአንድ ለመተረክ የማይገደድ መሆኑ፣ አፉን ኀፍረት ለዘጋበት ሰው ታላቅ ምሕረት ይመስለኛል።

ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ አእምሮ ባንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ስለ ሆነ፣ ዓይን ጣትን በመከተል ሲጠመድ የትዝታው ሥዕል ይደበዝዛል የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። በ2019 የኮሪያ ሊቃውንት፣ አንድን ድምፅ መፍራት ለለመዱ አይጦች ድምፁን እያሰሙ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ብርሃን ቢያሳዩአቸው፣ ፍርሃታቸው ፈጥኖ በረደ። ይሁን እንጂ ፈዋሹ የዓይኑ እንቅስቃሴ ነው ወይስ መከራውን ተረጋግቶ መጋፈጡ የሚለው ክርክር አልተቋጨም። የዓለም የጤና ድርጅት ግን ሕክምናው ለሕፃናትም ለዐዋቂዎችም እንዲሰጥ በ2013 መክሯል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ትዝታ እንቅልፍ የሚነሣህ ብትሆን፣ በገዛ ጣትህ በቤትህ አትሞክረው፤ የተከደነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲገለጥ የሚደግፍህ ሰው ያሻሃልና፣ በዚህ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ፈልግ።